የሞኖስፓር ኤስቲ-25 ሞዴል ሥራ ማስታወሻ፦ አንድ ስፓር፣ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ዓይነት ጅራት

ኦክቶበር፦ ምርጫና ስዕል

በሪሞት ለሚበር ሞዴል የመረጥኳት ሞኖስፓር ኤስቲ-25 ናት። ጄኔራል ኤርክራፍት ሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ በ1935 ያወጣት ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ የጉዞ አውሮፕላን፣ አራት ሰው፣ ጠበብ ብለው ከተቀመጡ አምስት ምትይዝ። ስኬሉ 1 ለ 6 ነው። እውነተኛዋ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12.24 ሜትር ስለሆነች የኔዋ 2.04 ሜትር ትመጣለች፣ ርዝመቷ ደግሞ 1.29 አካባቢ።

ጠባብ ፍላት ውስጥ ሁለት ሜትር ክንፍ የት ይቀመጣል ላላችሁኝ፣ መልሱ እዛው አውሮፕላኗ ላይ አለ፣ ክንፎቿ ከሞተሮቹ ወዲያ ያለው ክፍል ወደ ኋላ ይታጠፋል። ያኔም ሃሳቡ ይሄው ነበር፣ የግል አውሮፕላን ያለው ሰው ሃንጋር ውስጥ ለሰፊ ቦታ ኪራይ እንዳይከፍል። እኔም በመኪና ጭኜ ሜዳ ልወስዳት ነው።

ብዙ ሰው የዛን ዘመን ባለ ሁለት ሞተር ሲያስብ የደ ሃቪላንድን ድራጎንፍላይ ነው ሚሰራው። ቆንጆ ናት፣ እሷም በ1935 ነው የበረረችው፣ 67 ተሰርታለች፣ ግን ባይፕሌን ናት፣ ማለት ላይና ታች ክንፍ ያላት፣ ክንፎቿ በድጋፍ ዘንግና በሽቦ ተደጋግፈው ውጪ ይታያሉ። ሞኖስፓር ላይ ሽቦው ሁሉ ክንፉ ውስጥ ነው የተደበቀው፣ እኔን የሳበኝም እሱ ነው፣ ጨርቁ ሲለብስ ማንም አያየውም ግን አውሮፕላኗ የቆመችው በሱ ነው።

ሌላ ልፈትሸው የምፈልገው ነገር ጅራቱ ነው። የ1935ቷ ጁቢሊ ሚሏት አንድ ፊን (ጅራት ላይ ቀጥ ብሎ ሚቆመው ክፍል) ነበራት፣ በ1936 ዩኒቨርሳል ብለው ያወጧት ግን ሁለት ፊን ሁለት ራደር (ከፊኑ ኋላ ሆኖ አፍንጫዋን ግራ ቀኝ ሚያዞረው) ሆነች። ስለዚህ አንድ አካል ሰርቼ ጅራቱን በአራት ብሎን ሚፈታ አደርገዋለሁ፣ ሁለቱንም ጅራት እሰራለሁ፣ ከዛ አየር ላይ አንዱን ሞተር እያጠፋሁ ልዩነቱን አያለሁ።

ክብደት፦ እውነተኛዋ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ወደ 1,300 ኪሎ ናት። ስኬሉ ስድስት ከሆነ ክብደት በስድስት ሦስት ጊዜ ነው ሚካፈለው፣ በ216 ማለት ነው፣ 6 ኪሎ ይመጣል። የክንፍ ስፋት ግን በ36 ብቻ ነው ሚካፈለው፣ 0.56 ካሬ ሜትር። 6 ኪሎ በዚህ ክንፍ ላይ ከባድ ነው፣ ሲያርፍ ይሮጣል። ዓላማዬ ከ5 ኪሎ በታች።

ኖቬምበር፦ ስፓሩ

ስለ ስፓር ትንሽ ልበል፣ ያለሱ ቀጣዩ አይገባም። የዛን ጊዜ የተለመደ ክንፍ ውስጥ ሁለት ወፍራም ዘንግ አለ፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ። አየር ክንፉን ወደ ላይ ሲገፋ ሁለቱ ተካፍለው ይሸከሙታል፣ ክንፉ ልጠማዘዝ ሲልም አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ለመጉበጥ እየታገሉ ይመልሱታል። ችግሩ ሁለቱም ለብቻቸው ጠንካራ መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም ፍጥነት ሲቀየር ጭነቱ አንዴ ወደ ፊተኛው አንዴ ወደ ኋለኛው ይሄዳል። ማለት ክብደት ሁለቴ እየከፈልክ ነው።

ሄልሙት ስቲገር ሚባለው የስዊዝ ኢንጂነር እዚህ እንግሊዝ ሆኖ ያመጣው መፍትሄ ሥራውን መለየት ነው። መጉበጥን አንድ ስፓር ብቻውን ይሸከመው፣ መጠማዘዝን ደግሞ ቀጭን የተወጠሩ ሽቦዎች ይያዙት። ኩባንያውን በ1929 አቋቋመ፣ በ1931 ግሎስተር ኤስቲ-3 ሚሏትን መሞከሪያ ሰራለት፣ ሁለት ትናንሽ ሳልምሰን ሞተር ያላት። በዛው ዓመት ጄኔራል ኤርክራፍት ክሮይደን ላይ ተከፈተ፣ በ1932 ኤስቲ-4 በረረች፣ ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

የእውነተኛዋ ስፓር ዱራሉሚን (ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ) ነው፣ ዋረን ገርደር ሚባለው ዓይነት፣ ላይና ታች ዘንግ መሃሉን ዚግዛግ። እኔ ላይና ታቹን 5 በ5 ሚሜ ስፕሩስ፣ ዚግዛጉን 3 በ5፣ መገናኛውን ሁሉ በሁለቱም ጎን 0.8 ሚሜ ፕላይውድ ለጠፍኩበት። መሥሪያ ጠረጴዛዬ የተጣለ የበር ሳንቃ ነው፣ ቀጥ ማለቱን በብረት ማስመሪያ አረጋግጬ ስዕሉን ላዩ ላይ ለጠፍኩ፣ በላስቲክ ሸፍኜ በመርፌ እየያዝኩ ነው ምገጥመው። ቀጭን ጥርስ ያለው መጋዝ፣ ሞረድ፣ ብዙ መቆንጠጫ፣ ሌላ ብዙ መሳሪያ አይፈልግም።

ከኦንላይን የመጣው ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ሚደርቅ ሙጫ) አልደርቅ አለ። ሁለቱን እኩል መዝኜ ነው የቀላቀልኩት፣ ክፍሉም ሙቅ ነበር፣ በማግስቱ በጥፍር ሲነካ አሁንም ይለጠፋል። ስፓሩ ላይ ለስላሳ ሙጫ ይዤ መቀጠል አይቻልም፣ ስለዚህ የግራውን ክንፍ ፕላይውድ በሙሉ በስለት ፍቄ አወጣሁት፣ በአልኮል ጠርጌ በሌላ ሙጫ እንደገና። ለአዲሱ ሙጫ 18 ፓውንድ ከፈልኩ። ከዚህ በኋላ ከያንዳንዱ ቅልቅል ትንሽ ካርቶን ላይ እየተውኩ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ካልደረቀ ሥራው አይነሳም።

ስፓሩ ሲደርቅ ሁለት ጫፉን ብሎኬት ላይ አድርጌ መሃሉ ላይ 12 ኪሎ አስቀመጥኩበት፣ 4 ሚሜ ነው የጎበጠው። በጣም ጥሩ። ክብደቱ ለአንድ ጎን 96 ግራም።

ዲሴምበር፦ ሽቦዎቹ

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የጣፈጠኝ። ስፓሩ ላይ ሪቦቹን፣ ማለት ለክንፉ ቅርጽ ሚሰጡትን ቀጭን እንጨቶች፣ ደረደርኩ፣ የፊትና የኋላ ጠርዙን ገጠምኩ፣ ክንፍ መሰለ። ጫፉን በሁለት ጣት ይዤ ሳዞረው ይዞራል። ሲጎብጥ ድንጋይ የሆነው ክንፍ ሲጠማዘዝ ምንም አቅም የለውም። ለቁጥሩ ጫፍ ላይ ካለው ሪብ፣ ከስፓሩ 10 ሴንቲ ወደ ኋላ፣ አንድ ኪሎ ስኳር በገመድ አንጠለጠልኩ፣ የ14 ፓውንድ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ ላዩ ላይ። 8 ዲግሪ ገደማ ዞረ። በዚህ ብትበር ኤለሮኑ (ክንፉ ጫፍ አካባቢ ያለው ሚንቀሳቀስ ክፍል) ወደ አንድ ጎን ሲታዘዝ ክንፉ ራሱ ወደ ሌላ ይጠማዘዛል።

የስቲገር ሽቦዎች ከስፓሩ የላይና የታች ጠርዝ ተነስተው ወደ ክንፉ የፊትና የኋላ ጠርዝ ይሄዳሉ፣ ሲገናኙ የፒራሚድ ቅርጽ ይሰራሉ። ሽቦ መጎተት እንጂ መግፋት አይችልም፣ እንደ ድንኳን ገመድ ነው፣ ስለዚህ ሁሌም ጥንድ ጥንድ መሆን አለበት፣ ክንፉ ወደ ታች ሲጠማዘዝ አንዱ ይወጠራል ወደ ላይ ሲጠማዘዝ ሌላው።

መጀመሪያ በኬቭላር ክር ሞከርኩ፣ ቀላል ስለሆነ። ሲታሰር ጥብቅ ነበር፣ ግን ቋጠሮው ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ በሳምንቱ ስነካው ግማሹ ላልቷል። ስኳሩን ሳንጠለጥል 3 ዲግሪ ተኩል። ከስምንት ይሻላል ግን የላላ ሽቦ መጥፎ ጎኑ እስኪወጠር ድረስ ክንፉ በነፃ መዞሩ ነው፣ ያ ነፃ ዙር ነው ንዝረት ሚጋብዘው።

ቀጥሎ 0.6 ሚሜ የብረት ሽቦ፣ ጫፉ ትንሽ የነሐስ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ የተጨመቀ፣ በሌላው ጫፍ 2 ሚሜ ማወጠሪያ ብሎን። ይሄ ሥራ ቀርፋፋ ነው፣ ለያንዳንዱ ሽቦ ቱቦ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ መጭመቅ፣ መበየድ። ብሎኖቹ ብቻ 41 ፓውንድ ወሰዱ፣ ከጠቅላላው እንጨት ግማሽ ያህል። ግን ውጤቱ 0.9 ዲግሪ! ያለሽቦ 8 ነበር። ለአንድ ክንፍ የተጨመረው ክብደት 38 ግራም ብቻ። ሁለተኛ ስፓር ብጨምር ሌላ 90 ምናምን ግራም ነበር፣ የሰውየው ሃሳብ ወረቀት ላይ ሳነበው ገብቶኝ ነበር፣ እጄ ላይ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላ ጥቅምም አገኘሁበት። አንዱን ብሎን አጥብቀህ ተቃራኒውን ካላላህ ክንፉን በፈለከው መጠን ማዞር ትችላለህ። የሁለቱንም ጫፍ የፊት ጠርዝ ወደ ታች 1.5 ዲግሪ አዞርኩ፣ ዝግ ስትል የክንፉ ጫፍ ቀድሞ ማንሳት እንዳያቆም። ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ ትዕግስት ይጠይቃል፣ አንዱን ስትነካ ጎረቤቱ ይላላል፣ ከሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ መሄድ ነው ሚሻለው።

ጃንዋሪ፦ መታጠፊያው

ክንፉ ሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሽቦዎቹ መቋረጣቸው ግዴታ ነው። መጉበጡ ስፓሩ ላይ ባለው የብረት ፒን ያልፋል፣ መጠማዘዙስ በየት ያልፋል? መጨረሻ የወሰንኩት የመታጠፊያውን ሪብ በሁለቱም በኩል ከ3 ሚሜ ፕላይውድ መስራት፣ ከስፓሩ 14 ሴንቲ ወደ ኋላ ሁለተኛ ትንሽ ፒን ማስገባት። ሽቦዎቹ ጉልበቱን ወደ ወፍራሙ ሪብ ያመጣሉ፣ ሪቡ በሁለቱ ፒኖች ወደ መሃለኛው ክንፍ ያስተላልፋል። የስኳሩን ፈተና ደገምኩት፣ 1.3 ዲግሪ። ትንሽ ጨምሯል፣ የፒኑ ቀዳዳ ክፍተት ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ የነሐስ ቱቦ ሳስገባ ወደ 1.1 ወረደ። በቃ ይበቃል።

በዚሁ ወር ከወንድሜ ጋር ኒውአርክ ኤር ሙዚየም ሄደን የሞኖስፓር ዘር የሆነችውን ኤስቲ-12ቷን አየናት፣ ከአውስትራሊያ የተመለሰችውን። እሷ ጂፕሲ ሜጀር ሞተር ነው ያላት እንጂ እንደ ኤስቲ-25 ፖብጆይ ሚባለው አይደለም፣ የሞተሩ ቅርጽ ላይ አልረዳችኝም፣ ግን ክንፉ ከአካሉ ጋር ሚገናኝበትን አካባቢ ቆሜ በደንብ አየሁት፣ ስዕሉ ላይ ግራ የገባኝ የኋላ ጠርዝ ጠፍቶ ነበር እዛ ተገኘ።

ፌብሩዋሪ፦ ሞተሮቹ

የፖብጆይ ሞተር ይገርማል። ራዲያል ነው፣ ሰባት ሲሊንደሩ ዙሪያውን በክብ የተደረደረ፣ ጠቅላላ መጠኑ 2.8 ሊትር አካባቢ፣ ማለት የአንድ ተራ መኪና። ትንሽ ሞተር ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ በፍጥነት መዞር አለበት፣ ከ3,000 ዙር በላይ፣ ፕሮፔለር ደግሞ በዛ ፍጥነት ሲዞር አየሩን በደንብ አይዝም። ስለዚህ ፊቱ ላይ ባለ ጥርስ ማርሽ አስገብተው ፕሮፔለሩን ከግማሽ በታች ወደሆነ ፍጥነት አወረዱት። ኤስቲ-4 ላይ ፖብጆይ አር ነበር፣ በ1934ቷ ኤስቲ-10ና በኤስቲ-25 ላይ ግን ፖብጆይ ናያጋራ። ያቺ ኤስቲ-10 በዛው ዓመት ኪንግስ ካፕ ሚባለውን የእንግሊዝ የአየር ውድድር አሸንፋለች፣ ስኮፊልድ ነበር ያበረራት፣ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 134 ማይል። ሁለቱ ሞተር ተደምረው ከ200 የፈረስ ጉልበት በታች ሆነው ነው ይሄን የሄዱት፣ ክንፉ ቀላልና ንፁህ ስለሆነ።

ለሞዴል ሰሪ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ በማርሹ ምክንያት ፕሮፔለሩ ከሞተሩ መሃል ላይ አይወጣም፣ ከፍ ብሎ ነው ሚወጣው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሞዴል ፕሮፔለሩን ክቡ ሽፋን መሃል ላይ አድርጎት ታያላችሁ፣ ፊቷ ይበላሻል። ሽፋኑን በስሪዲ ፕሪንተር አተምኩት፣ ብራሽለስ ሚባለውን የኤሌክትሪክ ሞተር በስኬሉ ልክ ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ቀስ ብሎ ሚዞር ሞተር ነው የመረጥኩት፣ ትልቅ ፕሮፔለር እንዲያዞር፣ 13 ኢንች። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ስፒድ ኮንትሮለር (የሞተሩን ፍጥነት ሚቆጣጠር)፣ 168 ፓውንድ። ባትሪው አንድ ሊፖ ሆኖ ለሁለቱም ይከፈላል፣ ለየብቻ ባትሪ ማድረግ ሚሉም አሉ፣ እኔ አንዱ ቀድሞ አልቆ በማረፊያ ሰዓት ባላሰብኩት ጎን እንዲቆም አልፈልግም።

ሽፋኑ መጀመሪያ በተራ ፕላስቲክ ታትሞ ከሞተሩ ሙቀት ጫፉ ለስልሶ ተጣመመ። በሙቀት ቻይ ፕላስቲክ ተደግሞ ከኋላው የአየር መውጫ ቀዳዳ ተጨመረለት።

ማርች፦ አካሉና ልብሱ

አካሉ ብዙ ወሬ የለውም፣ የባልሳ ሳጥን ነው። ክንፉና ጅራቱ በቀላል የፖሊስተር ጨርቅ ለበሰ፣ በብረት ካውያ ሲሞቅ ይሸበሸብና ይወጠራል። ጨርቁ ሲወጠር ክንፉን ስለሚስበው ማዕዘኑን እንደገና መለካት ያስፈልጋል፣ ግራው 0.4 ዲግሪ ተዛውሮ ነበር፣ ከሥር በተውኩት ትንሽ መስኮት ብሎኑን አዙሬ መለስኩት። መስኮቱን ተዉ፣ አትዝጉት።

ክብደት ከነባትሪው 4.7 ኪሎ። ጥሩ።

ኤፕሪል፦ አንዱ ፊን

ሁለተኛ ሞተር ለምን? የዛን ጊዜ ትንሽ ሞተር ይቆማል፣ ባህር ላይ ወይ ከተማ ላይ ከሆንክ አንዱ ሞተር ቤት ያደርስህ እንደሆነ ነው ጥያቄው። ግን አንዱ ሲቆም ሌላው ከጎን ስለሚጎትት አፍንጫዋ ወደ ቆመው ጎን ትዞራለች፣ ይሄን ሚመልሰው ራደሩ ነው። የራደሩ ጉልበት ከፍጥነት ጋር በካሬ ነው ሚወድቀው፣ የሞተሩ ጉተታ ግን ዝግ ስትል አይቀንስም። ስለዚህ ከሆነ ፍጥነት በታች ራደሩ የግድ ይሸነፋል። ጥያቄው ያ ፍጥነት ስንት ነው፣ ክንፉ ማንሳት ሚያቆምበት ጋ ይጠጋል ወይ ገና ሩቅ ነው።

በ35 ፓውንድ የአየር ፍጥነት መለኪያ ገዛሁ፣ ንባቡ ወደ ሪሞቱ ይመጣል፣ ወንድሜ ይጠራልኛል እኔ አበራለሁ። ግራ ሞተርን ለብቻው ሚያጠፋ ማብሪያ ሪሞቱ ላይ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ በሁለቱ ሞተር በረረች፣ ኤለሮኑ በፈጣን በረራ ላይም ቀጥ ብሎ ይታዘዛል፣ የሽቦዎቹ ሥራ ነው ይሄ። ማንሳት ምታቆመው በሰከንድ 11 ሜትር አካባቢ።

ከዛ 100 ሜትር ከፍታ ላይ ቀኙ በሙሉ ጉልበት፣ ግራው ጠፍቶ፣ ራደር እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ፍጥነት ቀስ እያልኩ ቀነስኩ። 15.5 ሜትር ላይ አፍንጫዋ ወደ ግራ መሄድ ጀመረች፣ ራደሩ አልያዛትም፣ ወዲያው ግራ ክንፏ ወደቀ። የቀኙን ሞተር ጉልበት ስዘጋ ቀና አለች። ደጋገምነው፣ ከ15 እስከ 16 ባለው ውስጥ ነው። ማለት ከ11 እስከ 15.5 ያለው ፍጥነት በአንድ ሞተር ሙሉ ጉልበት ማይነካ ነው፣ ለማረፍ ሚያስፈልገው ደግሞ እዛው ውስጥ ነው ያለው። አንዴ ዝቅ ብላ ልታርፍ ስትል ንፋስ መታት፣ ጉልበት ስጨምር ወደ ግራ ዞራ በአንድ ጎማ መሬት ነካች፣ የግራ እግሯ ተጣመመ። 4 ሚሜ ሽቦ ነበር፣ በ5 ተቀየረ።

ሜይ፦ ሁለቱ ፊን

ጄኔራል ኤርክራፍት ራሱ ከጁቢሊ ቀጥሎ ዴ ሉክስ ሚላት ላይ መጀመሪያ አንዱን ፊን አተለቀው፣ ቀጥሎ ነው ዩኒቨርሳል ላይ ወደ ሁለት የሄደው። ስለዚህ ፋብሪካውም እዚሁ ጥያቄ ላይ ነበር። እኔ መሃለኛውን ዘለልኩት።

ከመብረሯ በፊት ሁለቱ ፊን ላይ አጫጭር የሱፍ ክር ለጥፌ መሬት ላይ አስሬ ቀኝ ሞተሩን ብቻ አስነሳሁ። የቀኙ ፊን ላይ ያሉት ክሮች በሙሉ ወደ ኋላ ተዘረጉ፣ የግራዎቹ ተንጠልጥለው ቀሩ። ለካ አንድ ሞተር ሲቆም በሚሰራው ሞተር በኩል ያለው ራደር የፕሮፔለሩ ንፋስ ውስጥ ነው፣ አውሮፕላኗ ዝግ ብትልም እሱ ፈጣን አየር ያገኛል! መሃል ላይ የቆመው አንዱ ፊን ከሁለቱም ንፋስ ውጪ ነበር።

አየር ላይ ውጤቱ 12.5 ሜትር። ማንሳት ከምታቆምበት ፍጥነት በላይ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ። የራደሮቹ ጠቅላላ ስፋትም ከአንዱ በሩብ ያህል ይበልጣል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የንፋሱ አይደለም፣ ለመለየት አንዱን ፊን በሩብ አተልቄ መሞከር አለብኝ፣ ያ ደግሞ የዘለልኳት ዴ ሉክስ ናት። የትንሽ ሞዴል አየር ከእውነተኛው ጋር አንድ ስላልሆነ እነዚህን ቁጥሮች ወደ ትልቋ አታሻግሯቸው፣ አቅጣጫውን ግን ያሳያሉ።

ችግሩ ክብደት ነው፣ አዲሱ ጅራት 64 ግራም ይበልጣል፣ ጅራት ላይ ደግሞ 64 ግራም ብዙ ነው፣ ባትሪው 3 ሴንቲ ወደ ፊት ተገፋ፣ ከዛ በላይ ቦታ የለም። ፊኖቹ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ስለተሰቀሉም ከማረፍ በኋላ የግራው ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘሁ፣ በካርቦን ዘንግ ተጠናከረ።

እስካሁን ወጪ 612 ፓውንድ፣ ሪሞቱን ሳይጨምር። ቀጥሎ ሦስተኛው ጅራት፣ የዴ ሉክሱ። እሱ ካለቀ በቀኝ በኩል ሰፊ በር ከፍቼ አምቡላንሷን አደርጋታለሁ፣ ዴንማርኮች በሽተኛ ያመላልሱባት የነበረውን፣ በሩ ሚከፈትበት ጎን ሁለት የአካል ዘንግ ስለሚቆረጥ ከሥሩ ምን እንደሚተካው አሁን እየሳልኩ ነው።